ሲ ሰይድን ትተን አባቶቹን እንይ

ስለ ግብፃውያን አባቶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ሦስት ሰው ነው የላከልኝ። ካይሮ ሰባት ዓመት ስለኖርኩ «አንተስ ምን ትላለህ?» ነው ነገሩ። መጀመሪያ አንብቤ ልተወው ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን አላስቻለኝም።

ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው። ግብፃዊ ወንድ ልጅ ይወልዳል እንጂ አባት አይሆንም ይላል። ማስረጃ ብሎ የሚደረድራቸው ስድስት ናቸው። ቤቱን እንደ ንጉሥ ይገዛል። ከገንዘብ ሌላ ለልጆቹ የሚሰጠው የለም። ሴት ስትወለድበት ያዝናል። መውለድ ሲያቅተው ጥፋቱን ሚስቱ ላይ ጥሎ ሌላ ያገባል። ከተፋታ ልጆቹን ይረሳል። ሰው አገር ከሄደማ አባትነቱ እዚያው ያበቃል። መዝጊያው ላይ ደግሞ ለገዛ ልጁ ያልሆነ ሰው ለአባይ ጎረቤቱ እንዴት ይሆናል የሚል ነገር አለበት።

ከመዝጊያው ልጀምር፤ አጭር ነው። በግድቡ ጉዳይ እኔም ወገኔን አውቃለሁ። ካይሮ እያለሁ በዚሁ ነገር ታክሲ ውስጥ የተጨቃጨቅኩት ለጉድ ነው። ግን የውሃ ክርክር የመንግሥታት ነው። ማታ ለልጆቹ ዳቦ ይዞ ከሚገባ ሰውዬ ጋር ምን አገናኘው? ይሄን ካልኩ ወደ ስድስቱ ልግባ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ግብፃዊ አባት ማለት ሲ ሰይድ ነው»

ሲ ሰይድ የልቦለድ ሰው ነው። በ1988 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ነጊብ ማህፉዝ በ1956 እና በ1957 ባሳተማቸው ሦስት ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ያለ የካይሮ ነጋዴ ነው። እሱ ከዘፋኞች ጋር ሲዝናና ያመሻል። ሚስቱ እኩለ ሌሊት ፋኖስ ይዛ ትጠብቀዋለች፤ ጫማውን ታወልቅለታለች። አንድ ቀን ሳታስፈቅደው ወደ ሁሴን መስጊድ ስለወጣች ከቤት ያባርራታል። ታሪኩ በ1964 ፊልም ከሆነ ወዲህ ደግሞ ስሙ የጨቋኝ ባል መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ያልነገሩን ስሙ ዛሬ እንዴት እንደሚነሳ ነው። ሻይ በጩኸት ያዘዘ ባል «ሲ ሰይድ ሆንክብን እንዴ?» ይባላል። ቤቱ ይስቃል። እሱም አፍሮ ብርጭቆውን ራሱ ያነሳል፤ አንዳንዴ። ስሙ መቀለጃ ከሆነ ቆይቷል።

መጻሕፍቱንም እስከ መጨረሻው ያነበቧቸው አልመሰለኝም። ሰውዬው ፋህሚ የሚባል ልጁ በ1919ኙ የነፃነት ንቅናቄ ጊዜ ይሞትበታል። ያ ቤቱን ያንቀጠቅጥ የነበረ ሰው ከዚያ በኋላ የድሮው ሰው አይሆንም። በሦስተኛው መጽሐፍ አርጅቶና ታሞ የቤተሰቡን እጅ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ማህፉዝ የጻፈልን ልጆቹን እየወደደ ፍቅሩን ግን ፊታቸው ማሳየት ስላቃተው ሰው ነው።

አባት በግብፅ ሥልጣን የለውም እያልኩ አይደለም። አለው። የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅትና ፕሮሙንዶ የሚባል ሌላ ድርጅት በግብፅ፣ በሊባኖስ፣ በሞሮኮና በፍልስጤም አስጠንተው በ2017 ባወጡት ጥናት፣ እጅግ አብዛኞቹ ግብፃውያን ወንዶች በቤት ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የወንዱ ነው ብለዋል። ስለ ጭካኔ መጻፍ ካስፈለገም ልቦለድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በ2020 ሶሃግ አውራጃ ውስጥ አንድ አባት ሦስት ሴት ልጆቹን «የኮሮና ክትባት ልትወጉ ነው» ብሎ አታልሎ በሐኪም አስገርዟቸዋል። ያመለከተችው እናታቸው ናት። የሴት ልጅ ግርዛት በግብፅ ከ2008 ጀምሮ ወንጀል ነውና አባትየውም ሐኪሙም ተከሰሱ። የዚያ ሰውዬ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ዜናውን ሰምተው አንጀታቸው ያረረ አባቶችም ግብፃውያን ናቸው። ጸሐፊው አንዱን ብቻ ለምን እንደመረጡ አልገባኝም።

«ከገንዘብ ሌላ የሚሰጠው የለም»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሌላው ስህተት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የምኖርበት ሕንፃ ዘበኛ፣ እነሱ በዋብ ይሉታል፣ ከአስዋን አካባቢ የመጡ ሰው ነበሩ። ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ያድራሉ። ሚስታቸውና አራት ልጆቻቸው ወደ 900 ኪሎ ሜትር ርቀው አገር ቤት ናቸው። እኛ ሐበሾቹም እንደ ሰፈሩ ልጆች «ዓሙ» እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ «አጎቴ» እንደማለት ነው።

ዓሙ አረንጓዴ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር ነበራቸው። ዓይናቸው ደከም ሲል የወሩን ሂሳብ እንድደምርላቸው ይሰጡኛል። በአንድ ገጽ ላይ የትልቁ ልጅ የፊዚክስ አስጠኚ አለ። ቀጥሎ የኬሚስትሪ። ቀጥሎ የእናታቸው የስኳር መድኃኒት። ቀጥሎ «የልጅቷ ፍሪጅ፣ የቀረ አምስት ወር»። ከዚያ ጋምዒያ። ጋምዒያ ማለት የኛው እቁብ ነው፤ ዳኛና ጸሐፊ ባይኖረው እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ለራሳቸው የሚወጣው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነበር፦ ሲጋራ።

የፊዚክሱ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በግብፅ የመንግሥት ትምህርት በወረቀት ነፃ ነው። ግን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናው፣ ሳነውያ ዓማ የሚሉት፣ ልጁ ሐኪም ይሁን ጸሐፊ የሚወስነው እሱ ነው። ለሱ ሲባል ሀብታምም ድሃም በግል ያስጠናል። ፈተናው የልጁ ብቻ አይደለም። ቤቱ በሙሉ ነው የሚፈተነው።

በኅዳር 2016 መንግሥት ፓውንዱን ለገበያ ለቀቀው። ከ9 ፓውንድ በታች የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 18 አለፈ። ያን ሰሞን ስኳር እንኳ ከሱቅ ጠፍቶ ነበር። ዓሙ ጎህ ሳይቀድ እየተነሱ የነዋሪውን መኪና ማጠብ ጀመሩ። ከወር በኋላ ደብተሩን ሲሰጡኝ ፊዚክሱም አለ፣ ኬሚስትሪውም አለ፣ ፍሪጁም አለ። ሲጋራው ላይ ነው መስመር የተሰመረበት።

ይሄን ደብተር የደመረ ሰው «ከገንዘብ ሌላ የሚሰጠው የለም» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

ግብፃውያን አባታቸውን የሚገልጹበት አንድ ቃል አላቸው፤ ሰነድ። ለኛ ሰነድ ወረቀት ነው። እነሱም ጋ ወረቀት ይሆናል፤ በቤት ወሬ ግን የሚደገፉት ነገር ማለት ነው፤ ጀርባን የሚያስጠጉት ግድግዳ ዓይነት። አባቷ የሞተባት ሴት «ሰነዴ ሄደ» ብላ ነው የምታለቅሰው። እኛስ «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» እንል የለ? የማጌጫውን ሂሳብ የሚዘጋው ማን ሆነና ነው?

ማታ ማታ ዓሙ ስልክ ይደውላሉ። ድምፃቸው በደረጃው ሽቅብ ይመጣል። ጥያቄያቸው ሦስት ነው። በላችሁ? አጠናችሁ? ብሩ ደረሰ? «እወዳችኋለሁ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። የኔም አባት ብሎኝ አያውቅም። የጸሐፊው አባት ብለዋቸው ከሆነ እሰየው።

ደግሞ አባትን የገንዘብ ቦርሳ ያደረገው እሱ ራሱ ብቻ ነው? ለረጅም ጊዜ የግል ድርጅት ሠራተኛ የሆነ አባት ልጁ ሲወለድ ለዚያ ብሎ ሕግ የሰጠው ዕረፍት አልነበረውም። በ2025 የወጣው የሥራ ሕግ ቁጥር 14 ነው አንድ ቀን የሰጠው። አንድ ቀን። እሱም በሥራ ዘመኑ ከሦስት ጊዜ አይበልጥም። በማግስቱ ወደ ሥራህ ተመለስ የተባለን ሰው ቤት አልዋለም ብሎ መክሰስ ትንሽ ይከብዳል።

«ሴት ስትወለድበት ያዝናል»

ወንድ የመፈለግ ነገር አለ። ሰው በበኩር ወንድ ልጁ ስም አቡ እገሌ፣ የእገሌ አባት፣ ተብሎ ይጠራል። እንዲያውም ሐሰን የሚባለውን ጎረምሳ ገና ሳያገባ «አቡ ዓሊ» ይሉታል፤ ያልተወለደ ልጅ አባት! «የሴት ልጅ ሐሳብ እስከ ሞት ነው» የሚል ተረትም አላቸው። ጸሐፊው እሷን ተረት ይዘው ነው የሮጡት።

ሐሳቡ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። የሙሽራዋ ቤተሰብ ከሚሸፍነው ዕቃ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የወጥ ቤቱ ዋናው ነው። ጊሃዝ ይሉታል። የዓሙ ልጅ ፍሪጁ ሲገዛ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ፍሪጁ ከነካርቶኑ ሳሎን ጥግ ተቀምጦ ላዩ ላይ ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛ ሆኗል፤ ፎቶውን አሳይተውኛል። ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ በዱቤ ፈርመው መክፈል አቅቷቸው እስር ቤት የገቡ ወላጆች ስም ወጥቶላቸዋል፤ «ጋሪሚን» ይባላሉ። ዕዳቸውን ከፍለው የሚያስፈቱ በጎ አድራጊዎችም አሉ። ሐሳቡ እስከ ሞት የሆነው ልጅቷ ስለተጠላች ነው ወይስ አባትየው ለሷ ዕዳ ስለገባ?

አንድ ጊዜ ከላይኛው ፎቅ ሴት ልጅ ተወለደችና ለሱቡዕ ተጠራሁ። ሱቡዕ የሰባተኛው ቀን ድግስ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያደርገዋል። ሕፃኗን በጨርቅ ያጌጠ ወንፊት ላይ አስተኟት። እናትየው ሰባት ጊዜ ተሻገረቻት። አያትየው የነሐስ ሙቀጫ አንስታ ጆሮዋ አጠገብ ቃ! ቃ! እያደረገች «የእናትሽን ቃል ስሚ! የአባትሽን አትስሚ!» ትላለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያ «ንጉሥ» የተባለው አባት ከረሜላ የሞላ ትሪ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ወረፋው ሲደርሰው ሙቀጫውን ተቀብሎ ቀስ ብሎ መታ። እንዳይሰማት ፈርቶ ነው መሰለኝ። «የኔንም ትንሽ ስሚኝ» አላት።

«ጥፋቱን ሚስቱ ላይ ጥሎ ሌላ ያገባል»

እንዲህ የሚያደርግ አለ። ጣቱን ወደ ሴቷ የሚቀስር ዘመድ ደግሞ ከባልየውም ይብሳል። ነገር ግን ይህንን ጉዳይ ዓመታት ወስዳ ያጠናች ሰው አለች። ማርሺያ ኢንሆርን የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በ1980ዎቹ መጨረሻ እስክንድርያ፣ በ1996 ደግሞ ካይሮ ውስጥ መውለድ ካቃታቸው ሰዎች ጋር ተቀምጣ ሰምታለች። ካገኘቻቸው ነገሮች ውስጥ ጸሐፊው ላይ የሚፈርዱ ሁለት አሉ። አንደኛው፣ ልጅ ባይኖርም ከሚስቱ ጋር ተዋዶ የኖረው ባል ብዙ ነው። ሁለተኛው፣ ችግሩ የባልየው ሆኖ ሳለ ሚስትየዋ በሰው ፊት «የኔ ነው» ብላ የምትሸፍንበት ቤት አለ። የመጀመሪያው ደስ ይላል። ሁለተኛው ለወንዱ የሚያኮራ አይደለም፤ ግን ጸሐፊው ከሳሉት ሥዕል ጋር አይገጥምም። ጥሎ የሄደ ባልን ገመና ማን ይሸፍንለታል?

ሕክምናውም ቢሆን ቀድሟቸው ገብቷል። የካይሮው ትልቅ የእስልምና ተቋም አል-አዝሃር በ1980 በቤተ ሙከራ መፀነስን ፈቀደ፤ ዘሩም እንቁላሉም የባልና የሚስት እስከሆነ ድረስ። የሌላ ሰው ዘር አይቻልም። በ1986 ካይሮ ማዓዲ ውስጥ የመጀመሪያው ማዕከል ተከፈተ። በ1987 የመጀመሪያዋ ልጅ ተወለደች። በ1990ዎቹ ደግሞ አንዲቷን የወንድ ዘር በመርፌ እንቁላል ውስጥ የሚያስገባው ዘዴ ሲመጣ፣ ዘራቸው ደካማ የሆነ ወንዶች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አገኙ። ያጠራቀሙትን አውጥተው፣ ሸጠው፣ ተበድረው ወረፋ የያዙት ከሚስቶቻቸው ጋር ነው። ሌላ ማግባት በቀለላቸው ነበር።

«ከተፋታ ልጆቹን ይረሳል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቀለብ አልከፍልም የሚል አባት ሞልቷል። የቤተሰብ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ፋይል ታቅፈው የሚቀመጡ እናቶችን አይቻለሁ። መንግሥት በናስር ባንክ በኩል ቀለብ የሚከፍል ፈንድ ያቋቋመው በደስታ አይደለም። ደግሞ ልጁ እናቱ ጋ እየኖረ በገንዘቡ ላይ ሕጋዊ ሞግዚቱ አባትየው ነው። እሱ ከሞተ አያትየው፣ የአባትየው አባት። በ2021 ሴቶች በየማኅበራዊ ሚዲያው «ሞግዚትነት መብቴ ነው» ብለው የተነሱት ለዚህ ነው። እውነት አላቸው።

አሁን ሌላውን ግማሽ ስሙ። በ2005 በተሻሻለው ሕግ ልጁ እስከ 15 ዓመቱ እናቱ ጋ ይቆያል። እናትየው ካገባች ወደ እናቷ ይሄዳል። እሷ ከሌለች ወደ አባትየው እናት። ከዚያ እህቶችና አክስቶች። አባትየው የሰልፉ ጭራ ላይ ነው። ልጁን የማየት መብቱ ደግሞ፣ መስማማት ካልቻሉ፣ በ2000 የወጣው የፍትሕ ሚኒስትሩ ውሳኔ እንደሚለው በሳምንት ከሦስት ሰዓት የማያንስ ነው። ያ «የማያንስ» የተባለው በተግባር ልኩ ሆኖ ቀረ። ቦታውም የወጣቶች ማዕከል ወይም ክበብ ነው። ወስዶ ማሳደር የለም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬን በዚህ ምክንያት አንድ ዓርብ ሸኝቼው ገብቻለሁ። የፕላስቲክ ወንበሮች፣ የደረቀ የኳስ ሜዳ፣ መዝገብ ይዞ የሚያስፈርም ሠራተኛ። አባቶቹ በየጥጉ ናቸው። አንዱ የታሸገ ምሳ ይዞ መጥቷል። አንዱ የልጁን የቤት ሥራ እያሠራ ነው። ባልደረባዬ የስድስት ዓመት ልጁ ጫማ እንደጠበበው ያየው እዚያ ነው። ገዝቶ መምጣት የሚችለው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። ልጁ አያቱ ጋ ተጣብቆ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት አላናገረውም። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ኳስ ጀመሩ። ሲሞቃቸው ሠራተኛው ፊሽካ ነፋ።

ይሄ ሰውዬ ልጁን ረስቷል ከተባለ መርሳት ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ከ2011 ወዲህ እንዲህ ያሉ አባቶች ፎቶ ይዘው ሰልፍ ወጥተዋል። ሁሉም ጥሩ ሰዎች ናቸው አልልም፤ ሰልፉ ውስጥ ቀለብ ያልከፈለም አይጠፋም። ግን የረሳ ሰው ሰልፍ አይወጣም።

«ሰው አገር ከሄደ አባትነቱ ያበቃል»

ይሄን ለኛ አንባቢ መጻፍ ድፍረት ነው። ከኛ ቤት ዓረብ አገር ያልሄደ ማን አለ? እናቶቻችን ቤሩትና ሪያድ ሆነው ልጅ ያሳድጉ የለም እንዴ?

የነዳጅ ዋጋ በ1973 ከናረ በኋላ ግብፃውያን ወደ ባሕረ ሰላጤው፣ ወደ ሊቢያና ወደ ኢራቅ ጎረፉ። የሄዱት በአብዛኛው ለቤት መሥሪያ፣ ለልጅ ማስተማሪያ ነው። በየካቲት 2015 በሊቢያዋ ሲርት ባሕር ዳር በአይሲስ የታረዱት ሃያ ግብፃውያን ክርስቲያኖች ከድሃ መንደር የሄዱ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ከመካከላቸው ልጆች ያሏቸው ነበሩ። ሚያዝያ ላይ የኛ ልጆች ተከተሉ። ያን ሰሞን ዓሙ ክፍሌ ድረስ ወጥተው «አላህ ያጽናችሁ» ብለውኛል። እሳቸው ሙስሊም ናቸው። ጸሐፊው ይህንንም ዓመት የረሱት ይመስላል።

የዓሙ አባትም በ1980ዎቹ ኢራቅ ነበሩ። ያኔ ስልክ የለም፤ ደብዳቤ ደግሞ ማንበብ ለማይችል አይሆንም። ስለዚህ ካሴት ላይ ድምፃቸውን ቀድተው ለሚመለስ ሰው ይሰጣሉ። መንደሩ ላይ ቴፕ ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለነበር ሁሉም እዚያ ተሰብስቦ ይሰማል። ዓሙ አንዷን ካሴት ከደብተሩ ጋር በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋታል። ክሩ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ የምትጫወትበት ቴፕም የለም። ምን እንዳለባት ጠየቅኳቸው። በቃላቸው ይዘውታል። «ጎሿን እንዳትሸጧት። የትምህርት ቤቱን ከፈላችሁ? ጣሪያውን ዝናብ ሳይመጣ ሳይሆን ፀሐይ ሳትበረታ አሳድሱት። ትንሹ ልጅ ሳል ይዞት ነበር፣ ተወው?» ትንሹ ልጅ እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ አባትየው ራሳቸው ይስላሉ። ዓሙ ሲነግሩኝ ያችንም ሳል ሳሉልኝ፤ ሁለቴ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ አንዴ።